ሴት የሌላት መጽሐፍ

ጡረታ የወጣሁ ቀን ትምህርት ቤቱ አንድ ጋቢ፣ አንድ የግድግዳ ሰዓትና በፕላስቲክ የታሸገ ምስክር ወረቀት ሰጠኝ። ወረቀቱ «በአማርኛ ቋንቋ መምህርነት ለረጅም ዓመታት ላበረከቱት አስተዋጽኦ» ይላል። ጋቢውን እየለበስኩት ነው፤ ሰዓቱም ይሠራል። ወረቀቱ ግን አልጋ ሥር ነው ያለው። ልጄ «እማዬ፣ ፍሬም አሠርቼ ልስቀልልሽ?» እያለች ስትነዘንዘኝ «ቆይ» እላታለሁ። የተጻፈው ልክ ነው። አማርኛ አስተምሬያለሁ፣ ጥሩ አድርጌም ነው ያስተማርኩት። አማርኛውን ሳስገባ ከልጆቹ አፍ ያስወጣሁትን ግን ወረቀቱ አይናገርም። እሱን እኔው መናገር ስላለብኝ ነው ይህን መጻፍ የጀመርኩት።

ተወልጄ ያደግኩት መርካቶ፣ ሰባተኛ ነው። አባቴም እናቴም ከጉራጌ አገር፣ ከቸሃ የመጡ ናቸው። እኔ የበኩር ልጅ ስለሆንኩ ጉራጊኛውን ጠግቤ ነው ያደግኩት። ከእኔ በታች ያሉት አምስቱ ግን ቋንቋውን የሚያውቁት ሲደበቁበት ነው። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ፊት ዋጋ ለመመካከር፣ ቤት ውስጥ ልጅ መስማት የሌለበት ወሬ ሲመጣ ወላጆቻችን ወደ ጉራጊኛ ይገባሉ። ታናናሾቼ ያኔ ጆሯቸውን ያቆማሉ፤ አንዱንም አይዙትም። መርካቶ ውስጥ በዚህ ዓይነት ያደገ ሰው ቁጥር ስፍር የለውም።

መምህርት ሆኜ የተመደብኩት ከቤታችን በእግር በሚደረስ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። አንደኛ ክፍል ሰጡኝ። ክፍሉ ውስጥ ካሉት ልጆች አብዛኞቹ የነጋዴ ልጆች ናቸው፤ ገሚሶቹ ከገጠር ከመጡ ገና ዓመት አልሞላቸውም። ዳይሬክተራችን ኮስታራ ሰው ነበሩ። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ «ግቢው ውስጥ ከአማርኛ ሌላ እንዳልሰማ» አሉ፤ እንዴት እንደሚሆን ግን አልነገሩንም። እንዴቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ወጣት ነበርኩ፣ ጎበዝ መባል እወድ ነበር።

ምን አለሽ ተራ ሄጄ ከዘይት ቆርቆሮ መዳፍ የምታክል ክብ አስቆረጥኩ። ሠራተኛው ለልጅ አንገት መሆኗን ስነግረው ለምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ጠርዟን በመዶሻ አጠፈልኝ፤ «እንዳትቆርጣቸው» አለ። ክር አስገባሁባት። ክፍል ውስጥ ጉራጊኛ የተናገረ ልጅ ቆርቆሮዋን ያንጠለጥላል፤ ከዚያ ሌላ ልጅ ሲናገር ለመያዝ ጆሮውን ጥሎ ይጠብቃል፤ ሲይዘው ያስተላልፍለታል። ደወል ሲደወል ቆርቆሮዋ አንገቱ ላይ የተገኘችበት ልጅ ክፍል ይጠርጋል። ዳይሬክተሩ ሲያዩት «ይሄ ነው ፔዳጎጂ!» ብለው ለሌሎቹ መምህራን አሳዩ። እኔም ደስ አለኝ፤ ደስ እንዳለኝ አልክድም።

በዚያ ዓመት አጋማሽ ላይ ዝናሽ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ከገጠር መጥታ ገባች። አማርኛ የሚባል አታውቅም። ቆርቆሮዋ ወደ እሷ ከሄደች በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ከአንገቷ አልወረደችም። ሌሎቹ ጓደኛቸውን አድብተው ይይዛሉ፤ እሷ ማንንም ለመያዝ አልሞከረችም። በየቀኑ ክፍሉን ጠርጋ ትሄዳለች። ከዚያ ዝም አለች። ጨርሶ ዝም። እኔ ዝምታዋን እንደ መሻሻል ቆጠርኩት።

ልጅቷ በአማርኛ እንድትናገርልኝ እናቷን አስጠራሁ። እትዬ ብርነሽ ቅቤ ተራ ይሸጣሉ፤ ሥራቸውን አቋርጠው ነጠላቸውን እያስተካከሉ መጡ። ስሜን ሲሰሙ የአገራቸው ልጅ መሆኔን አወቁና ፊታቸው በራ፤ በጉራጊኛ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። እኔ በአማርኛ መለስኩላቸው። የገባኝን ነገር እንዳልገባኝ ሆኜ።

«ልጅዎ ወደ ኋላ እየቀረች ነው፣ እትዬ» አልኳቸው። «እቤት በአማርኛ ያናግሯት።»

«በኔ አማርኛ?» ብለው ሳቁ። «የኔ አማርኛ እኮ የገበያ ነው፣ የኔ ልጅ። ቅቤ ይሸጥበታል እንጂ ልጅ አያሳድግም።»

«ያሳድጋል። ልጄ ትማርልኝ ካሉ ከዛሬ ጀምሮ ጉራጊኛውን ይተዉላት።»

«እሺ፣ የተማርሽው አንቺ ነሽ» ብለው ሄዱ። ቃላቸውን ጠበቁ። ዓመቱ ሲያልቅ ዝናሽ ከክፍሏ ሦስተኛ ወጣች። ሰርተፊኬቷን ስሰጥ እትዬ ብርነሽ እጄን ሊስሙ ጎንበስ አሉ።

ጋሽ ነስሩ ወደ ትምህርት ቤታችን የተዛወሩት በሚቀጥለው ዓመት ነው። እሳቸውም የቸሃ ሰው ናቸው፤ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ግራጫ ካፖርት ከትከሻቸው የማይጠፋ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ መምህር። የመጡ ሰሞን ቆርቆሮዋን አንድ ልጅ አንገት ላይ አዩና ምን እንደሆነች ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። በማግስቱ እያስተማርኩ ሳለ በሩን አንኳኩተው ገቡ፤ ልጆቹ ሁሉ እየሰሙ በጠራ ጉራጊኛ እንደምን አደርሽ አሉኝ። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው «በይ አንጠልጥይልኝ» አሉ።

ያን ቀን ሙሉ ቆርቆሮዋን አንጠልጥለው አስተማሩ። በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ሻያቸውን ይዘው ተቀመጡ፤ ቆርቆሮዋ ደረታቸው ላይ ነበረች። ዳይሬክተሩ አይተው እንዳላዩ ሆነው አለፉ። ደወል ሲደወል መጥረጊያ አንስተው የእኔን ክፍል ጠረጉ። ከዚያ ቀን በኋላ ቆርቆሮዋን አላወጣኋትም። ግን ይቅርታም አልጠየቅኩም፤ ለልጆቹም ለምን እንደቀረች አልነገርኳቸውም።

የማውቀውን ሙያ ያስተማሩኝ ጋሽ ነስሩ ናቸው። በደረት ኪሳቸው ትንሽ ደብተር ነበረቻቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ መርካቶን ይዞራሉ፤ ሱቅ ለሱቅ እየገቡ ቃል ይለቅማሉ። አንድን ቃል ሦስት የተለያዩ ሰዎች ሲሉት ሳይሰሙ አይጽፉትም። ደግሞ ጠይቀው አያውቁም። የሚፈልጉትን ቃል ሆን ብለው አበላሽተው ይናገሩታል፤ ያኔ ባለሱቁ «ኧረ ጋሼ፣ እንዲህ እኮ ነው የሚባለው» ብሎ ያርማቸዋል። «ሰውን ስትጠይቂው ያስባል» ይሉኝ ነበር። «ሲያርምሽ ግን አያስብም። ትክክለኛው ቋንቋ ያኔ ነው የሚወጣው።» የሚናገረውን ሰው ሲያዳምጡ ዓይኑን አያዩም፤ አፉን ነው የሚያዩት። አንዳንዶቹ ጆሯቸው የማይሰማ መስሏቸው ይጮሁባቸው ነበር።

እኔ ግን የነቃሁት በሌላ ሰው ነው። ሚስ ኖራ የምትባል ከአየርላንድ የመጣች መምህርት ለእንግሊዝኛ መምህራን ሥልጠና ልትሰጥ መጣች። እኔ የአማርኛ መምህርት ነኝ፤ ቦታ ስለተረፈ ነው የገባሁት፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ለአበሉ። ሻይ ሰዓት ላይ አጠገቧ ተቀምጬ እንግሊዝኛ የእናቷ ቋንቋ እንደሆነ እንደ ዋዛ ጠየቅኳት። አይደለም አለችኝ። የአያቶቿ ቋንቋ ጌሊክ የሚባል ነው። በድሮ ጊዜ ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ አንገታቸው ላይ እንጨት ይታሰር ነበር አለች፤ ጌሊክ በተናገሩ ቁጥር እንጨቱ ላይ አንድ ጭረት ይወጣል፤ በጭረቱ ልክ ይገረፋሉ።

«ማን ነበር የሚያስርላቸው?» አልኳት።

«መምህራኑ» አለች። «ወላጆችም ተስማምተው። ለልጆቻችን ይበጃል ብለው።»

ሻዬን አስቀመጥኩ። እኔም ጋር ቆርቆሮ እንደነበረ አልነገርኳትም፤ አፈርኩ። እሷ ቀጠለች። አሁን ዘመኑ ተለውጦ ቋንቋውን ትምህርት ቤት ያስተምሩታል፤ ልጆቹ ለዓመታት ይማሩታል፣ ፈተናውንም ያልፋሉ፤ ከበሩ ሲወጡ ግን ጓደኛቸውን የሚጠሩት በእንግሊዝኛ ነው። በጎረቤታቸው በዌልስ አገር ደግሞ ሕፃናትን ገና አፋቸውን ሳይፈቱ ወስደው በራሳቸው ቋንቋ ብቻ የሚያጫውቱባቸው መዋያዎች አሉ፤ እዚያ ይሻላል አለች። «ልዩነቱ መጽሐፉ አይደለም» አለችኝ። «ልጁ በዚያ ቋንቋ የሚጫወተው ሰው አለው ወይ ነው።» ቀጥላም እኔ ጉራጊኛ ከማን ጋር እንደማወራ ጠየቀችኝ። አሰብኩ። እናቴ አርፋለች። ልጆቼን በአማርኛ ነው ያሳደግኳቸው። «ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር» አልኳት፤ እሱም እሳቸው ሲያናግሩኝ ነው።

መንግሥት ተለውጦ ስለ አፍ መፍቻ ቋንቋ ሰርኩላር መምጣት ሲጀምር እኔና ጋሽ ነስሩ ቅዳሜ ጠዋት ጉራጊኛ የምናስተምርበት ክፍል ተፈቀደልን። ያ ዘመን የሥራ ዕድሜዬ ደስታ ነው። ክፍያ የለውም፤ ጠመኔውን ራሳችን እንገዛለን፤ ልጆቹ ግን ሞልተው ይመጡ ነበር።

መጣላት የጀመርንበትም እሱ ነው። ጋሽ ነስሩ ልጆቹን ደብተር አያስወጧቸውም። አንድ ዓረፍተ ነገር አስጠንተው ወደ ገበያ ይልኳቸዋል፤ «ክር ከሚሸጡት ሐጂ ዘንድ ሂዱና ይህን ብላችሁ፣ የሚመልሱላችሁን ይዛችሁ ኑ» ይሏቸዋል። ልጆቹ እየሳቁ ይመለሳሉ፤ የመለሰላቸውም ባለሱቅ ደስ ብሎት ከረሜላ ይሰጣቸዋል። እኔ ግን ወላጆችን አውቃለሁ። ፈተና የሌለውን ነገር ትምህርት አይሉትም፤ «ቅዳሜ ገበያ ሲዞር ዋለ» ብለው ልጃቸውን ያስቀሩታል። መጽሐፍ ያስፈልገናል፣ ምዘና ያስፈልገናል እያልኩ እወተውት ጀመር። ጋሽ ነስሩ በመጨረሻ ደብተራቸውን አውጥተው ሰጡኝ። «ሥሪው እንግዲህ» አሉኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። በቸሃ አነጋገር ወንድን ስታዝ እና ሴትን ስታዝ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ በመጨረሻዋ ድምፅ ነው። ወንድን «ውደድ» ለማለት «ንምድ» ይባላል፤ ሴትን «ንምጅ»። ይህ ቀላል ነው፤ «ድ»ም «ጅ»ም በፊደላችን አሉ። «ታገሥ፣ ቻለው» ለማለት ደግሞ «ፍረኽ» ነው። ለሴት ሲሆን ያቺ የመጨረሻዋ ኽ ትለሰልሳለች፤ ኽ እና ይ አንድ ላይ እንደቀለጡ ዓይነት። «ያምሻል»፣ «ላምጣልሽ» ስንልም ሴትነቱን የምትናገረው ይህችው ድምፅ ናት። ለዚህች ለስላሳ ድምፅ ፊደል ተሠርቶላታል፤ ኽ ራሷ ላይ ትንሽ ምልክት ደርባ። ይህን የምጽፍበት ስልክ ፊደሏን ስለማያውቃት ላሳያችሁ አልችልም። ያኔ የማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተርም አያውቃትም ነበር።

ማተሚያ ቤቱ ፊደሎቹን ከሌላ ቦታ ለማምጣት ሁለት ወር ስጡኝ አለ። እኔ የመጽሐፉን የምረቃ ቀን ቆርጬ፣ እንግዳ ጠርቼ ነበር። «ያለ ምልክቱ አትሙት፣ በኋላ በእስክሪብቶ እንጨምረዋለን» አልኩ። ጋሽ ነስሩን አላማከርኩም። መጽሐፉ ሲወጣ ሽፋኑ የሚያምር፣ ሥዕል ያለው ነበር። ለጋሽ ነስሩ ወስጄ ሰጠኋቸው። ቆመው አንድ በአንድ ገለጡት።

«ይቺ መጽሐፍ ሴት የላትም» አሉኝ።

«እንዴት?»

«ከዳር እስከ ዳር ወንድ ነው የምታናግረው። እናቱን የሚያናግር ልጅ በዚህ ቢማር እናቱን እንደ አጎቱ ነው የሚያዛት።»

ተናደድኩ። የደከምኩበትን ሁሉ ትተው አንዲት ምልክት ላይ ተጣበቁ ብዬ አኮረፍኩ። እሳቸው ግን አልተከራከሩም። የመጽሐፎቹን ካርቶን መምህራን ክፍል አስገብተው ከክፍል በተረፈ ሰዓታቸው አንድ በአንድ፣ ገጽ በገጽ፣ በቀጭን እስክሪብቶ ምልክቷን መደረብ ጀመሩ። እኔም ሁለት ሳምንት አብሬያቸው ሠራሁ። ከዚያ የፈተና ወቅት መጣና ተውኩት። «እመለስበታለሁ» አልኩ። ጋሽ ነስሩ የካርቶኑን ግማሽ ያህል እንደጨረሱ ታመሙ፤ ከዚያ ሕመም አልተነሱም። ቀብራቸው ላይ ከቅዳሜ ልጆቻችን ብዙዎቹ መጥተው ነበር፤ እርስ በርሳቸው የሚያወሩት በአማርኛ ነበር።

ከዚያ በኋላ ክፍሉን ብቻዬን ያዝኩት። ገበያ መላኩን ተውኩ፤ እኔ የማውቀው ሰሌዳና ቃለ ጽሕፈት ነው። ልጆቹ በፈተና ጥሩ ያመጣሉ፤ ደወል ሲደወል በአማርኛ እየተጯጯሁ ይወጣሉ። የታተመው መጽሐፍ ተከፋፍሎ ሲያልቅ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ፎቶ ኮፒ አነሳልኝ። ያነሳው ምልክት ካልተደረበበት ቅጂ ነው፤ አይቼ «ይሁን» አልኩ። ዓመት በዓመት ላይ ከዚያው ኮፒ እያነበብኩ አስተማርኩ። እንደተጻፈው ማንበብ ለምጄ የገዛ ጆሮዬ ደነዘዘ። ይህን ያወቅኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው።

አንድ ቀን በር ተንኳኳ። ስከፍት አርባ ዓመት ያለፋት፣ መነጽር ያደረገች ሴት ቆማለች። «ቲቸር፣ አላወቁኝም፤ ዝናሽ ነኝ» አለችኝ። ያቺው ዝናሽ። አሁን መርካቶ ውስጥ ለልብስ ሰፊዎች ቁልፍና ዚፕ በጅምላ ታከፋፍላለች፤ ሁለት ልጆች አሏት።

«እናቴ አማርኛዋ ጠፋ» አለችኝ ገና ሳትቀመጥ።

«እንዴት ማለት ጠፋ?»

«ስትሮክ መታት። ከሆስፒታል ከወጣች ጀምሮ በጉራጊኛ ብቻ ነው የምታወራው። አማርኛ ሳናግራት ፈዝዛ ታየኛለች። ያማት፣ ይራባት፣ ምን እንደምትል አላውቅም። ጎረቤት እየጠራሁ አስተረጉማለሁ። የገዛ እናቴን፣ ቲቸር!»

ከዚያ ቀጠለች፤ እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ በዚያ በገበያ አማርኛዋ እንዳሳደገቻት፣ ረጅም ወሬ አውርታላት እንደማታውቅ፣ ከአገሯ ሰዎች ጋር ስትሆን ግን ቀልደኛ እንደነበረች ነገረችኝ። «እነሱ ሲስቁ እኔም ዝም ብዬ እስቅ ነበር» አለች። እኔ ወለሉን እያየሁ ነበር። ያየችኝ መሰለኝ፤ «እርስዎ ላይ አልፈርድም፣ ያኔ ሁሉም እንደዚያ ነበር» አለች። ሁሉም አልነበረም። ጋሽ ነስሩ እንደዚያ አልነበሩም። ይህን ግን አልተናገርኩም፤ መጽሐፉን አውጥቼ ሰጠኋት።

እግሬን ስለሚያመኝ የምንማረው በስልክ ነበር። ደንበኛ ቀለል ሲልላት ከሱቋ ትደውላለች፤ ከመጽሐፉ ታነባለች፣ እኔ «ጎበዝ፣ ቀጥይ» እላለሁ። የት ነው የሚያምሽ፣ ውሃ ላምጣልሽ፣ ቻይው እመጣለሁ። ጎበዝ ተማሪ ነበረች፤ ሁልጊዜም ነበረች። በሦስት ወር ውስጥ ለአስታማሚ የሚያስፈልገውን ያህል ያዘች። አንድ ቀን ግን ቅር ብሏት ደወለች።

«የምትመልሰው ይገባኛል፣ አብዛኛው። ግን እኔ ሳናግራት ፊቷን ወደ በሩ ታዞራለች። ሰው የገባ ይመስል ትፈልጋለች። ሐኪሙን ስጠይቀው አእምሮዋ እየሳተ ነው፣ የሌለ ሰው ይታያታል አለኝ። አንድ ቀን መጥተው ቢያዩልኝ?»

ቤታቸው መሳለሚያ ነው፤ በኮንትራት ታክሲ ሄድኩ። እትዬ ብርነሽ ትራስ ተደግፈው ተኝተዋል፤ ግማሽ ፊታቸው ወድቋል፣ ዓይናቸው ግን ንቁ ነው። አላወቁኝም። በጉራጊኛ ጤና ይስጥልኝ አልኳቸው። በጉራጊኛ መለሱ፤ የማን ልጅ እንደሆንኩም ጠየቁኝ። ይህችኑ ጥያቄ ከብዙ ዓመት በፊት ሲጠይቁኝ በአማርኛ ነበር የመለስኩላቸው። አሁን በቋንቋቸው አባቴን፣ አያቴን፣ መንደሬን ነገርኳቸው። በሕይወት ባለው እጃቸው እጄን ያዙ። ወሬያቸው ልቅም ያለ ነው፤ አንድም የተሳተ ነገር የለበትም። የቅቤ ዋጋ ጠየቁኝ፤ ስነግራቸው ከት ብለው ሳቁ።

ዝናሽ ውሃ ለማምጣት ተነሳች። በሩ ላይ ዞር ብላ ለእናቷ «ፍረኽ» አለች።

እትዬ ብርነሽ ወዲያው ፊታቸውን ከእኔ አዙረው ወደ በሩ፣ ከዚያ ወደ ጓዳው አዩ። ወደ እኔ ዘንበል ብለው ቀስ ብለው ጠየቁኝ፤ «ይቺ ልጅ የምታናግረው ሰውዬ ማነው? ላምጣልህ ትለዋለች፣ ቻለው ትለዋለች፤ ሁልጊዜ ነው፤ ፊቱን ግን አይቼው አላውቅም። ለእኔ አንድ ቀን እንኳን ምንም አላለችኝም።»

ያኔ ነው የሰማሁት። ለስላሳዋ ኽ የለችም። ልጅቷ ሦስት ወር ሙሉ እናቷን እንደ ወንድ ስታናግራቸው ቆይታለች፤ እናቷም በዚህ ዕድሜያቸው ከልጃቸው ጋር የሚኖር የማይታይ ሰውዬ ሲፈልጉ። ሐኪሙ በሽታ ብሎ የነገራት የእኔ መጽሐፍ ነው። እኔም በስልክ «ጎበዝ» እያልኩ ነበር።

ዝናሽን ወደ ውጭ አወጣኋትና ነገርኳት። አላለቀስኩም፤ እንደ መምህርት አስረዳኋት፤ ማተሚያ ቤቱን፣ እስክሪብቶውን፣ ፎቶ ኮፒውን። ጨርሼ ስጠብቃት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ስለዚህ እናቴ አልሳተችም?»

«አልሳቱም። ከአንቺም ከእኔም ይሻላሉ።»

«ታዲያ ያስተምሩኝ። አሁን።»

ያኔ ወረቀት የለም፤ ጋሽ ነስሩ ሕፃናቱን ያስተምሩ የነበሩበት መንገድ ነው የቀረኝ። «ከንፈርሽን ገለጥ አድርጊ» አልኳት፤ «ፈገግ ልትይ ስትይ እንደምታደርጊው። ምላስሽን ከመሃሉ አንሺው፤ ላንቃሽን እንዳይነካ። አሁን ኽ በይ።» ግቢው ውስጥ ቆመን ሞከረች። ኪ ይሆንባታል፤ ሺ ይሆንባታል። በሰባት ዓመቷ ሳታስበው ትለው የነበረውን ድምፅ በአርባ ምናምን ዓመቷ ስታሳድድ ማየት ከባድ ነው። አፏ አልታዘዝ አለ። በነጋታው ሄድኩ፣ በሦስተኛውም ሄድኩ። አንዳንዴ ልትደርስበት ትልና ያመልጣታል፤ ከዚያ በመጨረሻ በራሷ ትስቃለች። እናቷ ዘንድ ገብታ ልትሞክረው ስትል «ይቆይ፣ ሲጠራ ይሻላል» አልኳት። ደግሞ ሌላ ስሕተት እንዳይሰሙ ብዬ ነው። ያን ቃል ባልተናገርኩ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ስልክ ተደወለ። እትዬ ብርነሽ ሳይነጋ አርፈዋል።

ለቅሶው መሳለሚያ፣ ግቢያቸው ውስጥ በተተከለው የእድር ድንኳን ነበር። ሰው ሞልቶ ነበር፤ ቅቤ ተራው በሙሉ መጥቷል። ከአገር የመጡ ሴቶች በቸሃ ያለቅሳሉ፤ ዝናሽ መሃላቸው ተቀምጣ እያንዳንዱን ቃል እየተከተለች እንደነበር ከፊቷ ያስታውቃል። እኔ ላጽናናት ነበር የሄድኩት። ጥግ ላይ ተቀምጬ ግን ማልቀስ ጀመርኩና ማቆም አቃተኝ። ለእትዬ ብርነሽ ብቻ አልነበረም ያለቀስኩት፤ ሰው ዘወር እያለ እስኪያየኝ ድረስ አለቀስኩ።

ዝናሽ ከሴቶቹ መሃል ተነስታ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እጄን ያዘችኝ። ዓይኗ አብጦ ነበር፣ ድምፅዋም ተዘግቶ ነበር፤ ከንፈሯ ግን ትንሽ ተገለጠ። «ፍረኽ» አለችኝ፤ ለስላሳዋን፣ የሴቷን። ጥርት ያለች ነበረች። ከጎናችን የነበሩት የአገር ሴቶች እንኳን ዘወር ብለው አላዩም፤ እንደ ራሳቸው ሰው ነበር የሰሟት። ያን ቃል ያስተማርኳት ለእናቷ ነበር።